ስምንት ወር በስፖንጅ መጋዘን

ስለ ባንዳችን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስንት ዓመት እንደቆየን ነው። ስምንት ወር እለዋለሁ። ስንት ኮንሰርት አሳያችሁ ሲለኝ ደግሞ አንድ እላለሁ፣ እሱም የአባቴ ስፖንጅ መጋዘን ውስጥ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ወሬ ይቀይራል። እኔ ግን አላፍርበትም። በሕይወቴ እንደዚያ ስምንት ወር ደስ ብሎኝ የሠራሁት ነገር የለም፤ እንደዚያ የተሳሳትኩበትም ነገር የለም።

አባቴ መርካቶ ውስጥ ስፖንጅ ይሸጣል። ፍራሽ፣ የሶፋ መቀመጫ፣ ትራስ የሚሞላበት ቁርጥራጭ፣ ሁሉም አለው። ሱቁ ከፊት ሲያዩት ጠባብ ነው፤ ከኋላው ግን የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሰፊ መጋዘን አለ፤ ስፖንጁ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ይቀመጥበታል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የምውለው እዚያ ነው። ደንበኛ አስተናግዳለሁ፣ ሜትር ይዤ እለካለሁ፣ በረጅሙ ቢላ እቆርጣለሁ። አራት ክር ብቻ ያለውን ቤዝ ጊታር የተማርኩትም እዚያው፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ ፍራሽ ክምር ላይ ተቀምጬ ነው። አባቴ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ተወኝ። በኋላማ ደንበኛ ሲመጣ "ልጄ ናት፣ ጊታሯ ሁለት ክር ይጎድለዋል፣ ስናገኝ እንገዛላታለን" እያለ ይቀልድብኝ ጀመር።

ድራም የሚመታው የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው። ምን አለሽ ተራ ውስጥ ከበርሜል ቆርቆሮ የከሰል ምድጃ ይሠራል። እዚያ አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ ሦስት ሰው በአንድ ላይ ይመታል፤ አንዱ የሌላውን እጅ እንዳይጨፈልቅ ምቱን ይከፋፈሉታል። አንዱ ሦስት ይመታል፣ ሌላው ሁለት፣ ሦስተኛውም ሁለት፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያ። ሰባት መሆኑን ቆጥሮ የሚያውቅ የለም። የውጭ አገር ጃዝ ሮክ ባንዶች ይህን ምት ለመጫወት ስንት ዓመት እንደሚለፉ ስነግረው ጓደኛዬ በጣም ገረመው። እኛ'ኮ ጣት ለማትረፍ ነው አለኝ።

ኪቦርድ ተጫዋቹ ተክለ ሃይማኖት ነው የሚኖረው፣ እንጀራው የሠርግ ባንድ ነው። ቅዳሜ ሙሉ ሰው ሲያስጨፍር ውሎ እሁድ ማንም ሊጨፍርበት የማይችል ነገር መጫወት አማረው፤ እኛ ጋ የመጣው ለዚህ ነው። ፕሮግረሲቭ ጃዝ ሮክ ነው የምንጫወተው ያለውም እሱ ነው፤ ሌሎቻችን ለምንጫወተው ነገር ስም አልነበረንም። የያዝነው አንድ ዜማ ብቻ ነው። በአንቺሆዬ ቅኝት ይጀምራል፣ ድራሙ ሰባት ሲቆጥር ቤዙ በአምስት ይሮጣል፣ ተለያይተው ቆይተው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ለሱም ስም ስላላወጣንለት "ረጅሙ" እንለው ነበር። ለባንዱ ስም ለማውጣት ሦስት ጊዜ ተሰብስበን ሦስቱንም ጊዜ ተጨቃጭቀን ተነሣን።

እስከዚህ ድረስ ሦስት ነበርን። አራተኛው የመጡት ፍራሽ ሊገዙ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሱፍ ከነክራቫታቸው የለበሱ ትልቅ ሰው ስፖንጁን በመዳፋቸው እየተጫኑ ጥንካሬውን ይለካሉ። ከኋላ መጋዘኑ ውስጥ ድራመሩ ለብቻው ይለማመዳል። ሰውየው እጃቸውን ፍራሹ ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። ሰባት ነው የሚቆጥረው አይደል ሲሉኝ አዎ አልኳቸው። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ስድስተኛው ላይ ግን ይቸኩላል አሉ። ፍራሹን ረስተውት ሄዱ። በማግስቱ እሁድ ሳክስፎን ይዘው መጡ።

ጋሼ እንላቸው ነበር። ድሮ የጦር ሠራዊት ሙዚቀኛ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ ባለቤታቸው ካረፉ ደግሞ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። አብነት አካባቢ ብቻቸውን ይኖራሉ። የመጀመሪያ ቀን ረጅሙን ሙሉውን አዳምጠው ሲጨርሱ ሳክስፎናቸውን ገጥመው ከየት እንደምንጀምር ብቻ ጠየቁን። ድራመሩ በዚያ ቀን በደስታ ሁለት ዱላ ሰበረ።

መጋዘኑ የኔ ኩራት ነበር። ስቱዲዮ ግድግዳው በስፖንጅ የሚለበደው ድምፅ እንዳያስተጋባ መሆኑን በስልኬ አይቻለሁ፤ ታዲያ በስፖንጅ ማን ይወዳደረናል? እዚያ ውስጥ ሰው ሲያጨበጭብ ጭብጨባው እዚያው እጁ ላይ ይሞታል። ጥሩ ድምፅ ማለት ይህ መሰለኝ። ገበያ ሲደራ ግን ግድግዳው ይሳሳል፤ ስለዚህ የነጋዴ ልጅ ሆኜ ሽያጭ ሲቀንስ ደስ ይለኝ ጀመር። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ሃያ ፍራሽ አንድ ላይ ሲገዛ ፊቴ ሲጠቁር ያየ አባቴ፣ ታምማ ይሆናል ብሎ ሻይ አስመጣልኝ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ እናቴ ዘፈን ይቁም አለች። ልከራከር አፌን ስከፍት አባቴ ቀደመኝ። እሁድ እሁድ መጋዘኑን ከፍቶልን ሱቁ ውስጥ ስለሚቀመጥ ለወራት ሲሰማን ቆይቷል። ይሄ ዘፈን አይደለም አላት፤ ዘፈን ቢሆን አንድ ሰው እንኳ ትከሻውን ይነቀንቅ ነበር። እናቴ አላመነችውም። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዋን እንዳጣፋች በሩ አጠገብ ቆማ አዳመጠችን፤ ሲበቃት፣ እውነትም አይደለም ብላ ሄደች። ጾሙን ሙሉ ተጫወትን። በጾም ሠርግ ስለሌለ ኪቦርድ ተጫዋቹም እንቅልፉን ጠግቦ ይመጣል። ከስምንቱ ወር ምርጡ ጊዜ ይኸው ነበር።

ችግሩ እኔ ነበርኩ። ረጅሙ አለቀ ሲባል አዲስ ክፍል ይዤ እመጣለሁ። አሥራ ሁለት ደቂቃ የነበረው አሥራ ስምንት ሆነ፣ ቀጥሎ ሃያ አምስት። ኪቦርድ ተጫዋቹ ሰው ፊት የምንጫወተው መቼ ነው ሲለኝ መልሴ ሁልጊዜ ገና ነው ነበር። ጋሼ አንድም ቀን ጨርሱ ብለውኝ አያውቁም። ሌላም ነገር ነበረ። ጋሼ ማይክ አይወዱም፤ ሳክስፎን በሆድ ነው የሚነፋው ይሉናል። እኔና ኪቦርዱ አምፕሊፋየር አለን፣ ድራመሩ ክንድ አለው፣ የእሳቸውን ድምፅ ግን ስፖንጁ ይውጠዋል። እኔም በየእሁዱ፣ ጋሼ አልተሰሙም፣ ትንሽ ጠንከር ያድርጉት እላለሁ። እሺ ልጄ ይላሉ፣ ያጠነክራሉ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ እሁድ ረጅሙ መሀል ላይ ሳክስፎኑ ተቋረጠ። ጋሼ ፊታቸውን ወደ ፍራሾቹ አዙረው አፋቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። እኔ ጉንፋን መስሎኝ መጫወቴን ቀጠልኩ። ድራመሩ ግን ዱላውን አስቀምጦ ተነሣ፤ መሐረቡ ላይ ደም አይቷል።

የዚያን ቀን ነው ሁሉን የነገሩን። ድዳቸው ታሟል። ከላይ ያሉት አራቱ የፊት ጥርሶች መውጣት አለባቸው፤ ሐኪሙ ከጾሙ በፊት ብሏቸው ነበር፣ እሳቸው ከጾሙ በኋላ አሉት። ከጾሙ በኋላ ደግሞ ትንሽ ጠብቀኝ አሉት። አሁን ሕመሙ ወደ መንጋጋ አጥንት እየሄደ ነው፤ ከግንቦት መጨረሻ ካለፈ ኃላፊነቱን አልወስድም ብሏቸዋል። ሳክስፎን የሚያዘው ደግሞ በላይኛው ጥርስ ነው። በእሳቸው ዕድሜ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተክሎ እንደገና መንፋት አይታሰብም። ይህን ሁሉ ሲነግሩን ስለ ቧንቧ ብልሽት የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት።

ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩንም አልኳቸው።

"ረጅሙ አላለቀማ" አሉኝ።

እንዳይታይብኝ ፍራሽ ክምሩ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። እኔ ገና ነው ባልኩ ቁጥር እኚህ ሰው ጥርሳቸውን ሳያስነቅሉ ሲጠብቁ ኖረዋል። ከማልቀሴ ስመለስ ድራመሩና ኪቦርድ ተጫዋቹ ቀኑን ቆርጠው ጠበቁኝ። ጥርሱ የሚወጣው በግንቦት መጨረሻ ሰኞ ነው፤ ዋዜማውን እሁድ እንጫወታለን። የት ሲባል ጋሼ እዚሁ አሉ። የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ረጅሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሰው ፊት፣ አንድ ጊዜ። ሐኪሙ እስከዚያ እንዳይነፉ ከልክሏቸው መድኃኒት ሰጣቸው። እኛ ሦስታችን ስንለማመድ እሳቸው ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ያደምጡን ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ እድር ጋ ወንበር ልዋስ ሄድኩ። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ማን ሞተ አሉኝ። ማንም አልሞተም፣ ሙዚቃ ልናሳይ ነው ስላቸው ሰው ሳይሞት ወንበር አይወጣም ብለው በሩን ሊዘጉት ሆነ። የአባቴን ስም ጠርቼ፣ ለምኜ፣ እሁድ ከመምሸቱ በፊት ልመልስ ቃል ገብቼ አርባ ወንበር አስፈቀድኩ። እሁድ ረፋድ ላይ ወንበሩን በጋሪ አስጭኜ መጋዘኑ ደረስኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ገባሁ።

ውስጡ ባዶ ነው። አንድ ፍራሽ የለም፣ አንድ ትራስ የለም። ባዶ ሲሚንቶ፣ ባዶ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ። አባቴ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ወለሉን በውሃ እያጠበ ነው። ከክፍለ ሀገር የመጣ ባለ ሆቴል ትናንት ማምሻውን መኪና አስጠግቶ መጋዘኑ ውስጥ ያለውን ስፖንጅ ሁሉ ጠርጎ ገዝቶታል። አባቴ ይህን ሲነግረኝ ፊቱ በደስታ ያበራል።

"አዳራሽ አደረግሁልሽ። አርባ ወንበር የት ልትደረድሪው ነበር?"

ልጮህበት ነበር። ግን እግሩ ረጥቧል፣ መጥረጊያውን ራሱ ነው የያዘው፤ በሕይወቱ ለኔ ሙዚቃ እንደዚያን ቀን የለፋበት ጊዜ የለም። ተባረክ ብዬው ዞር አልኩ።

ሌሎቹ ሲመጡ ሞከርነው። ድራመሩ አንዴ ሲመታ አራት ጊዜ ተሰማ። የኔ ቤዝ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ሄደ፤ አምስቱ ከሰባቱ ጋር ተደባልቆ ሽሮ ሆነ። ስምንት ወር የሠራነው ሁሉ አንዱም አይለይም። ኪቦርድ ተጫዋቹ ከየቤታችን ብርድ ልብስ እናምጣና እንስቀል አለ። እኔ ጎረቤት ሱቆች ስፖንጅ ብንዋስ አልኩ፤ እሁድ ነው፣ ሁሉም ዝግ ነው። በመጨረሻ ሳላስበው፣ አንድ ሳምንት እናራዝመው የሚል ቃል ከአፌ አመለጠ።

ጋሼ ጫማቸውን አዩ። ለዚያ ቀን ያስጠረጉት ጫማ ነው። ያልኩት ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጋሼ ሣጥናቸውን ከፍተው ሳክስፎኑን ገጠሙ፤ ወለሉ መሀል ሄደው ቆሙ። ከዚያ አንድ ድምፅ ብቻ፣ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ እንደሚናገር ሰው ዝቅ አድርገው ነፉ። ድምፁ ተነሥቶ መጋዘኑን ሞላው። ከኋላችን መጣ፣ ከላያችን መጣ። በየእሁዱ ጠንከር ያድርጉት ስል የፈለግሁት ድምፅ ያ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ያወጡት ያለ ምንም ጉልበት ነው። አፋቸውን አንሥተው ድምፁ እስኪያልቅ ድረስ ጠበቁና ወደኛ ዞሩ።

"ቀስ በሉ። ጥቂት ብቻ ተጫወቱ፣ ሌላውን ቤቱ ይጨርሰዋል።"

ሰው እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ያህል ቀርቶን ነበር። ረጅሙን ማፍረስ ጀመርን። ድራመሩ ዱላዎቹ ላይ ጨርቅ ጠመጠመ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ እንዲያስቀምጥ ተነገረው፤ እየሳቀ አስቀመጠው። እኔ ከጨመርኳቸው አምስት ክፍሎች ሦስቱን ሰረዝኩ። የመጨረሻዋ ቤዙ በአምስት የሚሮጥባት ነበረች፤ ሁለት ወር የለፋሁባት፣ ማታ ማታ ጣቴ እስኪደድር የተለማመድኳት። አልዋሽም፣ ቆጨኝ። ግን ከሰረዝኳት በኋላ ስንጫወተው የጋሼ ድምፅ የሚያርፍበት ቦታ አገኘ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው ገባ። የአባቴ ጎረቤት ነጋዴዎች ከነባለቤቶቻቸው፣ ከድራመሩ ጋር የሚሠሩት ሦስት ምድጃ ሠሪዎች፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ በአንድ ሠርግ ያስጨፈራቸው ሙሽሮች፣ ማን እንደሞተ ሊያጣሩ የመጡ የሚመስሉት የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ። እናቴ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ናት። ጋሼ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ክራቫታቸውን አጥብቀው መሀል ቆሙ።

ክፍል ብንቀንስም ቀስ ስላልን ሠላሳ አንድ ደቂቃ ተጫወትን። ማንም አልጨፈረም። ማንም አልወጣም። ምድጃ ሠሪዎቹ ሦስቱም በአንድ ላይ ጉልበታቸውን ሲመቱ አየሁ፤ አንዱ ሦስት፣ ሌላው ሁለት፣ ሦስተኛውም ሁለት። ጋሼ መሐረባቸውን አንድም ጊዜ አላወጡም። እያንዳንዱን ድምፅ ለቀቅ አድርገው ይጠብቁታል፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ይልካሉ። እኔ ብዙውን ጊዜ ዝም ብዬ ነበር፤ እጄ ክሩ ላይ ሆኖ አለመምታት እንዲህ ደስ እንደሚል ማን ነግሮኝ ያውቃል። የመጨረሻውን ከነፉ በኋላ አርባ ሰው አጨበጨበ፣ በዚያ ባዶ ቤት ውስጥ ደግሞ አራት መቶ ሆኖ ተሰማ። አባቴ ራሱ ሄዶ የጋሼን ሣጥን ተሸክሞ ታክሲ ድረስ ሸኛቸው።

ባንዱ ከዚያ በኋላ ሁለት እሁድ ብቻ ኖረ። አንድ ጎበዝ ወጣት ሳክስፎኒስት አምጥተን ሞከርን፣ ልጁ ምንም አይወጣለትም ነበር፣ እኛው ነን አልሆን ያለን። ሳንጣላ፣ ሳንነጋገርበትም ቆመ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ዛሬም ሠርግ ይሠራል፤ አንዴ እስክስታ መሀል ሰባት አስገብቶ የሙሽራዋ ወገን ሁሉ ትከሻው ተሳስቶበት ሊያባርሩት ነበር። ድራመሩ የራሱን ምድጃ ቤት ከፍቷል። መጋዘኑ እንደገና ስፖንጅ ሞልቶታል፣ እኔም እቆርጣለሁ፤ ሽያጭ ሲደራ አሁን ደስ ይለኛል። ጋሼ በአዲሱ ጥርሳቸው ቆሎ ሳይቀር ይበላሉ። ረስተውት የሄዱትን ፍራሽም ገዝተዋል። የኮንሰርቱ ቀረጻ እናቴ ስልክ ላይ አለ፤ ግማሹን ጣቷ ጋርዶታል፣ ድምፁ ግን አለ።

በኮንሰርቱ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ጋሼን ክሊኒክ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ወረፋ ስንጠብቅ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል፣ እኔ ሌሊቱን ሳብላላው ያደርኩትን ይዣለሁ። ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ስፖንጅ ውስጥ ከትቼ ጠንከር ያድርጉት እያልኩ ጥርስዎን የጨረስኩት እኔ ነኝ፤ መጀመሪያውኑ ባዶ ቤት ፈልገን ቢሆን ኖሮ እንደ ትናንቱ በቀላሉ ይነፉ ነበር። ድዱ ያለዚያም ታሞ ነበር አሉኝ፣ ሐኪሙን ጠይቂው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ስፖንጁ ድምፃቸውን እንደሚውጠው ያወቁት የመጀመሪያው እሁድ፣ ገና አንድ ጊዜ እንደነፉ መሆኑን ነገሩኝ።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ብናገር ሌላ ቤት ፍለጋ ትገቡ ነበር፤ ቤት እስኪገኝ ትበተናላችሁ" አሉኝ። "እኔ ቤት'ኮ ድምፄ በጣም ጥሩ ነው። ግድግዳው ባዶ ነው፣ ሰውም የለበትም። ስድስት ዓመት በጥሩ ድምፅ ለብቻዬ ነፍቻለሁ፣ ልጄ።"

ነርሷ ስማቸውን ጠራች። ኮታቸውን አውልቀው ሰጡኝና በአራቱም ጥርሳቸው ፈገግ ብለውልኝ ገቡ።